ከሴካፋ በፊት የነበረው የጎሴጅ ዋንጫ

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኖች ውድድር ታሪክ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው ታሪኩን ከሴካፋ (የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበራት ምክር ቤት) ዋንጫ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1973 መጀመራቸው ሥሩን አስቀርቶታል። በእንግሊዛዊው የሳሙና አምራች በጎሴጅ ስም የተሰየመው ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1926 በኬንያና በዩጋንዳ መካከል ብቻ ተጀምሮ፣ ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ክፍል) በ1945፣ ዛንዚባርም ከእርሷ በኋላ ገብተውበት እስከ 1966 ዘልቋል። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን አልነበረችበትም፤ እኛ የደረስነው በተተኪው በሴካፋ ዋንጫ ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ዋንጫውን ስናነሣ፣ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ባትሪው ደክሞ ድምፁ በሚርቅ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን ነበር፤ ውጤቱ ሲነገር አጠገቤ የነበሩ አባት ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቆ ሳያነሡት አቀፉኝ። ለዚያ ደስታ መንገድ የጠረገውን የጎሴጅን ዘመን ጸሐፊው እንዲጨምሩበት አጥብቄ እጠይቃለሁ።