«ካልፈረምኩ ስሜ ይሰረዛል?»

የድጋፍ ፕሮግራሞችን ለሚገመግሙ ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ገባሁ። የአንድ ድርጅት ገቢ ማስገኛ ፕሮግራም ተጠቃሚ ናቸው። የፈቃደኝነት ቅጹን ማንበብ ስጀምር አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

«እማማ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ እንጂ» አልኳቸው።

«ካልፈረምኩ ስሜ ይሰረዛል?»

አይሰረዝም አልኩ። አላመኑኝም። የድርጅቱ ሠራተኛ በር ላይ ተቀምጣለች። አሻራቸውን አሳረፉ። ከዚያ ለጠየቅኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «ተመስገን፣ ጥሩ ነው።» እኔም «በጣም ረክተዋል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ያ መረጃ ዋጋ የለውም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እውነቱንም አይናገርም። የሥነ ምግባሩ ጉድለት ዞሮ የጥናቱ ጉድለት ይሆናል። ደግሞ «ግምገማ» የሚለው ቃል ራሱ እኛ አገር ያስፈራል፤ ሰው ከወንበሩ የሚነሳበትን ስብሰባ ያስታውሳል። የሚገመገመው ፕሮግራሙ እንጂ እርስዎ አይደሉም ብሎ ማስረዳት ግድ ነው። ጠያቂውም ከረጂው ጋር አብሮ መምጣት የለበትም።

አሜሪካ፣ ቱስኪጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች መድኃኒት እያለ ሳይታከሙ ተጠንተዋል። ነፃ ምርመራና ምግብ ይሰጣቸው ነበር። የቸገረው ሰው እሺ ስላለ ፈቅዷል ማለት አይደለም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ፣ የምንጠይቀው ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ብቻ መሆኑ ነው። ንግዱ አልሆን ብሎት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደው ወጣት ዝርዝሩ ላይ የለም። ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሳተ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ስልክ ደውሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?

ለውጡን ያመጣው ፕሮግራሙ ነው ለማለት ደግሞ ድጋፉን ካላገኙ ሰዎች ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ለጥናት ተብሎ ድጋፍ መከልከል ግን ነውር ነው። በጀቱ ለሁሉም በአንዴ ካልበቃ፣ ሕዝብ ፊት ዕጣ አውጥቶ በዙር ማዳረስ ይቻላል። ተራቸውን የሚጠብቁት ለጊዜው ማወዳደሪያ ይሆናሉ። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ልወጣ ስል እኒያ እናት «ውጤቱን ትነግሩናላችሁ?» አሉኝ። እንነግርዎታለን አልኩ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለለጋሹ ተላከ። ወደዚያ ሰፈር ተመልሶ የሄደ የለም፤ እኔም አልሄድኩም።