ሰኞና ሐሙስ በአሥር ሰዓት

እስራኤል ስንገባ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። 1998 ዓ.ም. ነው። ሬሖቮት፣ ኪሪያት ሞሼ ሰፈር ቤት አገኘንና አራተኛ ክፍል ጀመረ። ጎንደር ሳለ ሒሳብ ነፍሱ ነበር። እዚህ ግን የሒሳቡን ጥያቄ ራሱን ማንበብ አቃተው። ላግዘው ብል እኔ ዕብራይስጥ የማውቀው ከሱ ያነሰ ነው። ማታ ደብተሩን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔም አጠገቡ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ያኔ ነው ትምህርት ቤቱ ፔራሕ ውስጥ ያስገባው። ፔራሕ በዕብራይስጥ አበባ ማለት ነው። እዚያው ሬሖቮት ያለው የሳይንስ ምርምር ተቋም፣ የዋይዝማን ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋመው ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርት የከበደውን አንድ ልጅ ይይዛል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ አብሮት ይሆናል። በምላሹ ከዩኒቨርሲቲ ክፍያው የተወሰነው ይሸፈንለታል። ልጁን የሚይዘውን ተማሪ ሖኔኽ ይሉታል።

የኛው ሖኔኽ ሰኞና ሐሙስ በአሥር ሰዓት ይመጣል። በመጀመሪያው ወር አንድም መጽሐፍ አልገለጡም። ከሕንፃው ሥር ኳስ ይጫወታሉ። ሲደክማቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ልጄ በአማርኛ መቁጠር ያስተምረዋል። እኔ በገንኩ። አስጠኚ መስሎኝ ነበር። «ይሄ ጎረምሳ ኳስ ሊጫወት ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኳት ጎረቤቴን።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ልጄ ከፍራሹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የወደቀበት ፈተና ነው። ለኔ ያላሳየውን ለሱ ወስዶ ሰጠው። ሖኔኹ አልተቆጣም፣ አልመከረም። «የትኛው ጥያቄ ነው መጀመሪያ ያስቸገረህ?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ ተጀመረ። ያ የኳስ ወር ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ያኔ ነው። ልጅ ድክመቱን የሚያሳየው ለሚያምነው ሰው ነው። እምነት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ጉድለትም አለው። ዓመቱ ሲያልቅ ሖኔኹ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው መጣ። ልጄ ከአዲሱ ጋር ለመላመድ እስከ ሐኑካ፣ ታኅሣሥ ግድም እስከሚውለው የአይሁድ በዓል፣ ፈጀበት። አሜሪካ ውስጥ ልጅን ከበጎ ፈቃደኛ ታላቅ ጋር በሚያገናኘው፣ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በሚባለው የቆየ ድርጅት ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ከታላቃቸው ጋር የቆዩት ልጆች ከሁሉም በላይ ተጠቀሙ። ግንኙነቱ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጭራሽ ወረደ። ይሄን ሳነብ ልጄ የሄደውን ሖኔኽ እየጠበቀ መስኮት ላይ መቆሙ ነው ትዝ ያለኝ።

ሌላም ነገር ይከነክነኝ ነበር። ረጂው ሁሌ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። ተረጂው ሁሌ የኛ ልጅ። ዛሬ ግን የጎረቤቴ ልጅ ነርሲንግ እየተማረች ሖኔኽ ሆናለች። የያዘቻት ልጅ ቤት ስትሄድ ከአያትየው ጋር በአማርኛ ታወራለች። የኛ ሖኔኽ ከኔ ጋር በእጅ ምልክት ነበር የሚግባባው።

በ2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ አብሮ አደጌ ቤት አረፍኩ። ጥር ሳያልቅ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። በመላ አገሪቱ ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የአብሮ አደጌ የመጀመሪያ ልጅም አላለፈችም። ሦስት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። «ሲከብድሽ ለማን ትነግሪ ነበር?» አልኳት። «ለማንም» አለችኝ። ማጠናከሪያ ትምህርት ነበራቸው። ግን ሰባ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ነው። ሰባ ሰው መሀል ማን እጁን አውጥቶ አልገባኝም ይላል?

ቤታቸው ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ብዙም አይርቅም። ማታ መብራቱ ይታያል። እዚያ ግቢ ውስጥ ያንን ሒሳብ አልፈው የመጡ ስንት ሺህ ወጣቶች አሉ!

አገር ቤት ይሄ ነገር ባዕድ አይደለም። አብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናል። በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። ብዙዎቹ ያገለገሉት በማስተማር ነው። ዛሬም በክረምት በጎ ፈቃደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልጆችን ያስጠናሉ። ለዚህ ክብር አለኝ። ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። መስከረም ሲጠባ፣ ልጁ ሰው በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት፣ አስጠኚው ወደ ግቢው ይመለሳል።

እኔ የማስበው ይሄን ነው። የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲመረቅ የወጪ መጋራት ዕዳ ይዞ ይወጣል። ለምን ከዚህ ዕዳ ላይ አይቀነስለትም? አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ ለያዘ ተማሪ የተወሰነው ይነሳለት። ለተማሪው ከመንግሥት ካዝና አዲስ ብር አይወጣም። የሚያስፈልገው ተማሪውንና ልጁን የሚያገናኝ፣ በወር አንዴ ቤተሰቡን የሚጠይቅ አስተባባሪ ነው።

እስከዚያው ግን ዝም ብዬ መመለስ አልቻልኩም። አብሮ አደጌ ስምንተኛ ክፍል የሚማር ታናሽ ልጅም አላት። በሰው በሰው ማራኪ ግቢ የምትማር የደሴ ልጅ አገኘን። በየወሩ የትራንስፖርትና የኪስ ብር ልልክላት ተስማማን። ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች። «መጀመሪያ መጽሐፍ አትክፈቱ» አልኩ በስልክ። አብሮ አደጌ ተቆጣች፤ ልክ እንደኔ። በፋሲካ ስደውል ልጁ ስለ እሷ ብቻ ነው ያወራኝ። ሰኔ ላይ ፈተናውን ጨርሶ ስንነጋገር ስለ ፈተናው ጠየቅኩት። «ደህና ነው» አለና ወዲያው፣ «አክስቴ፣ መስከረም ላይ እሷው ናት የምትመጣው?» አለኝ።