ለምን እንደሚያምኑ አያስረዱም?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ራቢ ስለ ቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ተጠየቁ። የሽማግሌዎቹ ልማድ ነው እንጂ እምነት አይደለም አሉ። ለምን ቢባል፣ ለምን እንደሚያምኑ ማስረዳት አይችሉማ! ታልሙድ የሚባለውን የራቢዎች የሕግ መጽሐፍ አያውቁ፣ ፍልስፍና አያውቁ።

እሺ፣ በፍልስፍናው እንምጣላቸው።

የዘመናዊው የአይሁድ አስተሳሰብ አባት የሚባለው ሞሰስ ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው «ኢየሩሳሌም» ምን አለ? በሲና የተሰጠው ሕግ ነው እንጂ የእምነት ቀኖና አይደለም አለ። ፈጣሪ መኖሩን ለማወቅ ማንም ሰው አእምሮው ይበቃዋል። አይሁዳዊን የሚለየው ሕጉን መጠበቁ ነው። እስራኤላዊው ፈላስፋ ይሻያሁ ሌይቦቪች ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አከረረው። ሰውየው የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ ማስረጃ ምን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። ግን እምነት የሚረጋገጥ እውቀት አይደለም፣ ትእዛዙን እሸከማለሁ ብሎ መወሰን ነው አለ። ጸሎት እንኳ ግዴታ ስለሆነ ይጸለያል እንጂ ለጥቅም አይደለም።

አሁን በጎንደር የቤተ እስራኤል መንደር ወደነበረችው አምቦበር እንምጣ። ለሰንበት ሲባል ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ ያውም በጎንደር ብርድ። ቅዳሜ ቡና አይፈላም፣ ወጥ አይሞቅም፣ የቀዘቀዘው ይበላ ነበር። ካህናቸው ቄሱ ኦሪቱን በግእዝ ያነቡ ነበር። እሳቷን ያጠፋችው እናት የፈጣሪን መኖር በክርክር አላረጋገጠችም። ሌይቦቪችም አላረጋገጠም! እሱ ሲያደርገው ፍልስፍና፣ እሷ ስታደርገው ልማድ የሚሆነው በየት አገር ነው?

ሌይቦቪች ትእዛዝ ያለው ሃላካ የሚባለውን የራቢዎቹን ሕግ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ታዲያ ያ ክርክር የትኛው ሕግ ይጠበቅ የሚል ነው። ራቢው ግን ሽማግሌዎቹ እምነት የላቸውም ነው ያሉት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ያሉት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ቢሆንም ከዓመታት በኋላ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጡት፣ አይሁድነታቸው ስለተጠረጠረ፣ እንደ አዲስ ወደ አይሁድ እምነት እንደሚገባ ሰው ውኃ ውስጥ ግቡ ተባሉ። ልጁን ሱዳን በረሃ ላይ ቀብሮ የመጣ ሰው! እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ በዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነበር። ያኔ የተጠረጠረው ዘራቸው ነው። አሁን ደግሞ የፍልስፍና ፈተና መጣ።

ፈተናው የግድ ከሆነ ራቢው ከራሳቸው ምኩራብ ይጀምሩ። ቅዳሜ ጧት የመጣውን ምእመን ሁሉ አንድ በአንድ ለምን ታምናለህ ይበሉት። ስንቱ እንደሚያልፍ አብረን እናያለን።