ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ

የአገራችንን ዘፋኞች ጀርባ እንደ ጎረቤቴ አጥንቶ የጨረሰ ሰው የለም። 30 ዓመት ሊድ ጊታር አንግቶ ከኋላቸው ቆሟል። የማን አናት መሳሳት እንደጀመረ ከሚስቱ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። የማን ኮት የኪራይ እንደሆነ፣ ማን ሆዱን በምን እንዳሰረ ያውቃል። አይናገርም፤ ሙያው አይፈቅድለትም። ሁለት ቢራ ሲጠጣ ግን ሙያው ይፈቅድለታል።

«ዘፋኝ ግጥም ሲጠፋው ትከሻው ያስታውቃል» አለኝ አንድ ማታ። «ቀኟ ትንሽ ከፍ ትላለች። እሷን ሳይ አንድ ዙር እጨምርለታለሁ። እሱ ‹እጃችሁን ወዲህ!› ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ግጥሙ ይመለሳል። በማግስቱ ‹ከሕዝብ ጋር ያለው መግባባት!› ተብሎ ይወራለታል።»

የዚህ ውለታ ክፍያ የሚመጣው ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል፣ ዘፋኙ ባንዱን ሲያስተዋውቅ ነው። በድራም እገሌ! በቤዝ እገሌ! በጊታር… የኔ ወንድም! «የኔ ወንድም» የፍቅር ቃል እንዳትመስላችሁ። ስም የጠፋበት ሰው የሚሸሸግባት ጥግ ናት። አንዱ ዘፋኝ 11 ዓመት ሙሉ ወንድሜ እያለ አስጨብጭቦለታል።

የሽልማቱን ነገርማ ተዉት። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት እየተውረገረጉ መጥተው 100 ብር ዘፋኙ ግንባር ላይ ለጠፉ። ዘፋኙ አልቦት ኖሮ ብሩ ተንሸራተተች፤ እንደ ቅጠል ተንሳፍፋ የጎረቤቴ ፔዳል ላይ አረፈች። ሶሎ መሀል ነው፤ ማጎንበስ የለም። ነፋስ እንዳይወስዳት ብሎ በእግሩ ያዛት። ፔዳሉ ተረገጠ፤ ጊታሩ «ዋይ!» አለ፤ ሰው ጮቤ ረገጠ። ዘፈኑ አልቆ ወገቡን ሊያጎነብስ ሲል ብር የሚለቅመው የዘፋኙ የእህት ልጅ ከሥሩ ቁጢጥ ብሏል።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱልኝ።»

ሕግ የተማረ ዘመዱ ይህን ሰምቶ ሊያጽናናው ሞከረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቀኛንም ከዋኝ ብሎ መብት እንደሚሰጠው በዝርዝር አስረዳው። ጎረቤቴ ጆሮ ውስጥ የቀረችው ግን አንዲት ቃል ናት። «እዚያም ተዛማጅ ነኝ?» አለ።

ይመስለኛል፣ አልበም ለማውጣት የቆረጠው ያን ቀን ነው። ያውም የሮክ። ለምን ሮክ ብትሉት መልስ አለው፤ ሮክ ላይ ጊታር ከኋላ አይቆምም።

«ሮክ?» አለችው ባለቤቱ ሽንኩርት እየላጠች። «በዚህ ወገብህ?»

ኃይሉ መርጊያን ጠቀሰላት። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት፤ አዲስ አበባ ሂልተን ስንት ዘመን ሰው ሲያስጨፍር ኖሮ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ፤ ኪቦርዱንም ድራም ማሽኑንም ራሱ እየነካካ አንድ ካሴት አወጣ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ፈረንጁ ጉድ አለ። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ሰባን አልፎ ነበር።

«በመሀሉስ?»

«በመሀሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ እስኪመጣ አየር ማረፊያው ጋ ይለማመድ ነበር።»

«እሱስ ታክሲ ነበረው። አንተ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለህ።»

ወደ ግርማ በየነ ዞረ። ስንቱን ዘፈን አቀናብሮ ሲያበቃ አሜሪካ ነዳጅ ማደያ የሠራ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉት ፈረንሳዮች ጋር ራሱ እየዘፈነ አልበም ያወጣ። «እንግዲህ የቀረህ ማደያው ነዋ!» አለችው። በመጨረሻ ጃኖ ባንድን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዘው ሲመጡ ሮክ በአማርኛ ያምር የለም ወይ? ባለቤቱ ቢላዋውን አስቀምጣ አናቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እነሱ ፀጉራቸውን ያወዛውዛሉ። አንተ ምኑን ልታወዛውዝ ነው?»

ዕቁብ ወጣለትና ስቱዲዮ ገባ።

ለልምምዱ እኔ ምስክር ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ግጥም በሙሉ «አለሁ» የምትል ቃል ናት፤ እሷኑ አርባ ጊዜ ይጮኻታል። የመጀመሪያው ማታ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጬ በሩን ደበደብኩ። ከፈተልኝ፤ በላብ ተጠምቋል። «ምን ሆንክ?» ብለው «አዝማቹ ላይ ነኝ» አለኝ። በሳምንቱ ሰፈሩ ለመደ። መብራት ሲጠፋና ድምፁ ድርግም ሲል እንዲያውም አንድ ሁለት ሰው «ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ለፖስተሩ ፎቶ የተነሳ ዕለትም ነበርኩ። ፎቶ አንሺዋ «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ፊት» ትላለች። እሺ ይልና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። እያወቀ አይደለም፤ ካሜራ ሲያይ እግሩ ራሱ ነው የሚሄደው፣ ለዘፋኙ ቦታ ሲለቅ። በመጨረሻ ግድግዳ አስደግፈው አነሱት።

አልበሙ ወጣ። እኛ አገር ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። ሞዛርት ክላሲካል፣ ዋሽንት ክላሲካል፣ የኃይሉ ካሴት ሽፋን ላይ ያለችውም ቃል እሷው ናት። የሚቀርብበትም ሥፍራ የታወቀ ነው፤ ዜና ሊጀምር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ወይ አዳራሹ እስኪሞላ። ስለዚህ ማዳመጫውን ጆሮአቸው ላይ የሰካሁላቸው እትዬ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ የመግቢያውን ጊታር በትዕግሥት ሰሙ፤ ሲጮኽም ሰሙ። ከዚያ «ደስ ይላል፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

ሚኒባስ ላይ የባሰ ነው። ሹፌሩን ለምኜ ፍላሹን አሰካሁት። ገና ጊታሩ እንደገባ ረዳቱ ከበሩ ላይ «ስፒከሩ ተቀደደ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሽቦ መነካካት ጀመረ። ሆን ተብሎ ነው፣ ዲስቶርሽን ይባላል፣ ድምፁን እንዲህ የሚያሻክር ዕቃ ራሱን ችሎ ይሸጣል ብዬ አስረዳሁ።

«ስንት?» አለ ረዳቱ።

ነገርኩት።

«የኛ በነፃ ነው የተቀደደው» አለና የሳንቲም መልሱን ቆጠረ።

የምረቃው ማታ አንድ አነስ ያለ አዳራሽ ተከራየ። ዘመድ፣ የሠራተኛ ዕድር፣ የድሮ ባንድ ጓደኞች፣ «ማን ማን ይዘፍናል?» እያሉ የገቡ ሁለት ሦስት እንግዶች። ከዘፋኞቹ አንድም አልመጣም፤ ሁሉም ደውለው «ወንድሜ፣ በርታ» ብለውታል።

ወጣ። ፊት ለፊት ቆመ። እግሮቹ አንዴ ወደ ኋላ ሊሄዱ ሲሉ ራሱ ያዛቸው። ከኋላው፣ ድሮ እሱ በሚቆምበት ቦታ፣ ፂሙ በቅጡ ያልሞላ ልጅ ጊታር አንግቷል። ሮኩ ጀመረ፤ እኛም እንደ አቅማችን ጀመርን። የአጎቱ ልጅ ለችክችካ የተገራ ትከሻውን ይዞ መሀል ገባ፤ ትከሻው ምቱን ወዲያ ወዲህ ሲፈልግ ቁልፍ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ባለቤቱ መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር። ኋላ ተነሳች፤ መድረኩ ጋ ሄደች፤ 200 ብር አውጥታ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። እልል አልን።

ሁለተኛው አዝማች ላይ ቀኝ ትከሻው ትንሽ ከፍ አለች።

እኔ አየሁ። ልጁም ከኋላ አየ፤ አንድ ዙር ጨመረ። «እጃችሁን ወዲህ!» አለ ጎረቤቴ። አጨበጨብን። ግጥሙ ተመለሰ፤ «አለሁ» ነበር።

መጨረሻ ላይ ላቡን በፎጣ ጠርጎ ባንዱን አስተዋወቀ። ድራመሩን በስሙ ጠራ፣ ቤዚስቱን ከነአባቱ። «በጊታር…» አለና ወደ ኋላ ዞረ። ልጁ ቀና ብሎ ጠበቀው።

«…የኔ ወንድም!»