ሦስተኛዋ ጎማ ለምን አስፈለገች?

ሰሞኑን ጎንደር ላይ ከፒያሳ ቁልቁል በባጃጅ ስወርድ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ሦስተኛዋ ጎማ ትርፍ ናት። ፋብሪካው ለወጉ ያህል አብሮ ይልካታል እንጂ ለእኛ ልጆች አታስፈልጋቸውም። ወደ ግራ ስንታጠፍ የግራዋ የኋላ ጎማ ከአስፋልቱ ተነሥታ አየር ላይ ትንሽ ዞረች። ከዚያ ዷ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ሾፌሩ ዞሮም አላያት። ቀኝ እጁ መሪው ላይ ነው፤ በግራው መልስ ይቆጥራል።

አጠገቤ የነበሩት እናት ከነዘንቢላቸው እላዬ ላይ ሆነው «በእመቤቴ!» አሉ።

«አይዞዎት እማማ፤ ይህችን ኩርባ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማውቃት።»

አመንኩት። ሲታጠፍ ላየው ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የባጃጅ ሾፌር የሚያመሰግነው የለም። ትራፊኩ ይቀጣዋል፣ የታክሲ ሾፌር ይሰድበዋል፣ እግረኛው ይረግመዋል። ዛሬ እኔ ላመስግነው። ግን ሥራውን ለማድነቅ ትንሽ ዕውቀት ይጠይቃልና ከጉልቻ ልጀምር።

ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ? አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወለሉ ጎርበጥ ካለ ይወዛወዛል። ካርቶን አጥፈህ ከአንዱ እግር ሥር ትወትፋለህ። ሦስት ጉልቻ ግን የትም ቢጎለት አይወዛወዝም። ባጃጅም ቆማ ስታያት እንደዚያው ናት። አንዷ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዷ ድንጋይ ላይ ብትሆን እንኳ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ድስት ቁልቁለት አይወርድም። ኩርባ አይታጠፍም። ሌላ ድስት ልቅደም ብሎም አይሽቀዳደምም።

እስቲ የባጃጅን ሦስት ጎማዎች በሐሳብህ በመስመር አያይዛቸው። ኋላው ሰፊ፣ ፊቱ ሹል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይወጣልሃል። ክብደቱ ከዚያ ውስጥ እስካልወጣ ድረስ ሰላም ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካረፈ ግራና ቀኙ ሰፊ ነው፤ ትንሽ ቢገፋም አይወጣም። ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ግን ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። የፊቷ ጎማ ጋ ሲደርስ ስፋት የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው ፋብሪካው ሦስት ተሳፋሪ ከኋላ፣ ሾፌሩን ከፊት ብቻውን ያስቀመጠው። የፈሪ ሥራ ነው።

የእኛ ልጅ ግን እንዲህ ዓይነት ብክነት አይወድም። ከፊት ያለችው ወንበር ለአንድ ሰው ተሠርታለች። እሱ «ጠጋ በል» ይልና አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ ይጨምርባታል። ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች አንድ አንድ ጭናቸው ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ሌላው ጭናቸው ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ አንድ ጆንያ ከሰል ይጫናል። ክብደት ከፍ ሲል መገልበጥ እንደሚቀል አህያ የጫነ ሁሉ ያውቃል። ሾፌራችንም ያውቃል። ዕውቀቱን እየተጠቀመበት ነው።

ከዚያ የጥበቡ ዋና ክፍል ይመጣል። ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ የጀማሪ ነው። የበሰለ ሾፌር እስከ ኩርባው መሀል በሙሉ ኃይሉ ይመጣና እዚያ ላይ ፍሬኑን ይረግጣል። ያን ጊዜ ክብደቱ ሁሉ ወደ ሹሏ ጫፍ ይሮጣል። ኩርባው ደግሞ ወደ ጎን ይገፋል። ወደ ፊትና ወደ ጎን በአንድ ጊዜ የመውደቅ ዕድል በሌላ መኪና ላይ በቀላሉ አይገኝም። እዚህ በመደበኛ ታሪፍ ነው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚወረውርህ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄ ትምህርት ቤት ሳለሁ አልገባኝም ነበር። ባጃጅ ላይ ነው የገባኝ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትታጠፍ ትከሻህን ነካ የሚያደርግህ ሰውዬ፣ በ40 ስትታጠፍ ጭንህ ላይ ይቀመጣል። «ይቅርታ ወንድሜ» ትባባላላችሁ። በሚቀጥለው ኩርባ ደግሞ አንተ እሱ ጭን ላይ ነህ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ዘመድ ናችሁ። ማኅበራዊ ኑሮ ተዳከመ የሚሉ ሰዎች ባጃጅ ተሳፍረው አያውቁም።

ቁልቁለቱን በፎሌ መልቀቅም አለ። ማርሹ ይፈታል፣ ቤንዚን ይተርፋል። ሞተሩ ይዞ ያዘገያት የነበረው ነገር ስለሌለ ሥራው ሁሉ ለፍሬኑ ይቀራል። ፍሬኑም ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደ ደከመ ዘበኛ ነው፤ ስትጠራው «አቤት» ይላል እንጂ አይነሣም።

ዝናብ ሲዘንብ ግን ነገሩ ይለወጣል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጎማው መሬቱን ስለማይጨብጥ ባጃጇ ሳትገለበጥ ትንሸራተታለች። በክረምት ወደ ቱቦ መግባት፣ በበጋ በጎን መተኛት። ወቅቱን የጠበቀ አገልግሎት ነው።

ባለሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል ኩርባ ሲይዝ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ነጂው አብሮ ያዘነብላል፤ ሚዛኑም ይጠበቃል። ባጃጅ ማዘንበል አትችልም። ቀጥ ብላ ነው የምትታጠፈው። ስለዚህ ማዘንበሉ ለተሳፋሪ ተትቷል። ነባር ደንበኛ በቀላሉ ይለያል። ገና ኩርባው ሳይደርስ የጣሪያውን ብረት ጨብጦ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ ወሬውንም አያቋርጥም። አዲስ እንግዳ ግን ወደ ውጭ ይወረወርና ሚዛናችንን ያበላሽብናል። በዐይናችን እንቀጣዋለን።

ይህ ሥራ በውጭ አገር ስፖርት ነው። አይል ኦፍ ማን በምትባል ደሴት ላይ ከጎናቸው ባለአንድ ጎማ ጋሪ የተገጠመላቸው ሞተር ሳይክሎች ይወዳደራሉ፤ ውድድሩ መጀመሪያ የተካሄደው በእ.ኤ.አ. 1923 ነው። እዚያ ተሳፋሪው ኩርባ በመጣ ቁጥር ሰውነቱን ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጎን አውጥቶ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ይንጠለጠላል። የቆዳ ልብስ ለብሷል፣ ሄልሜት አድርጓል፣ መንገዱም ለውድድሩ ተዘግቶለታል። እኛ ዘንድ እኚያ እናት ይህንኑ በነጠላና በዘንቢል ይሠሩታል። ከፊት ለፊታቸውም አይሱዙ እየመጣ ነው።

የባጃጅን የዘር ሐረግ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሁሉ አይገረምም። ስሟ ህንዳዊ ነው፤ አያቷ ግን ጣሊያናዊ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒያጆ የሚባለው ኩባንያ በእ.ኤ.አ. 1946 ቬስፓ የምትባለውን ባለሁለት ጎማ ሞተር አወጣ፤ ትርጉሙ «ተርብ» ነው። በእ.ኤ.አ. 1948 ደግሞ ባለሦስት ጎማዋን አወጣና «አፔ» አላት፤ ንብ ማለት ነው። ህንዶች በእ.ኤ.አ. 1960 ገደማ ፈቃዱን ወስደው መሥራት ጀመሩ። የቬስፓ ንድፍ የማን ነው? ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል መሐንዲስ ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት የሚታወቀው በሄሊኮፕተር ሥራ ነበር። እንግዲህ ሄሊኮፕተር ሠሪ የነደፋት፣ በተርብና በንብ ስም የተጠራች ቤተሰብ ልጅ ብትበር ምን ይገርማል? እኛ ደግሞ ከጣሊያን ጎማውን፣ ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬቻውንና ፍሬኑን ከነስማቸው ወሰድን። ከአምስቱ ሁለቱን እስካሁን አልተጠቀምንባቸውም።

ሌሎቹ አገሮች ወኔ የላቸውም። ሆንዳ በእ.ኤ.አ. 1970 አሜሪካ ላይ ለሜዳና ለአሸዋ የሚሆን ባለሦስት ጎማ ሞተር መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ፊቷ አንድ፣ ኋላዋ ሁለት ጎማ። ሰዉ ኩርባ ላይ እየተገለበጠ ሲያስቸግር ነገሩ ከመንግሥት ጋር ፍርድ ቤት ደረሰ። በእ.ኤ.አ. 1988 አምራቾቹ ባለሦስት ጎማዋን መሸጥ ለማቆም ተስማሙና በባለአራት ጎማ ቀጠሉ። ጣሊያኖቹም ራሳቸው በእ.ኤ.አ. 2006 ሌላ ነገር ይዘው ብቅ አሉ። ሁለቱን ጎማ ወደ ፊት አምጥተው፣ ኩርባ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል እንድታዘነብል አደረጓት። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። የእኛ ልጆች ለእናታቸው አይደሉም፤ ለሕዝብ ናቸው።

አንዱ ባጃጅ ከኋላው «ሁሉም ያልፋል» የሚል ጽፎ አየሁ። ትሕትና ነው። እሱ ነው ሁሉንም የሚያልፈው። በቀኝ፣ በግራ፣ በእግረኛ መንገድ። አንድ ጊዜ ደግሞ አደባባይ ላይ በውስጥ በኩል ሲያልፈን አየሁት፤ የቀኙን እጁን ባላውቅም ግራ እጁ ውጭ ነበር፣ ለፍሬቻ።

ይህ ሁሉ ክብር ለሾፌሩ ብቻ ቢሰጥ ግን ግፍ ነው። ተሳፋሪውስ? ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ የሚሆነውን ያየ ሰው ስለ ኅብረታችን አይጠራጠርም። ከፊት ለፊት የሚመጣው ባጃጅ ጣቱን ያሽከረክራል። ሾፌራችን ምልክቱን ያነባል።

«ከፊት ያላችሁ ውረዱ፤ ከማዶ ጠብቁኝ።»

ማንም «ለምን?» አይልም። ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከሾፌሩ ግራ ይወርዳሉ። ከቀኝ አንድ ተማሪ ይወርዳል። አዛውንቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ በዝግታ ይራመዳሉ። ፖሊሱ ጋ ሲደርሱ «እንዴት ዋልክ ልጄ» ይሉታል። «እግዚአብሔር ይመስገን አባት» ይላል፣ ኮፍያውን ነካ አድርጎ። እኛ ከኋላ ሦስታችን እንደ ሙሽራና ሚዜ ቀጥ ብለን ተቀምጠናል። ባጃጇ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ በፍሬቻ፣ በሥርዓት ትታጠፋለች። እንዲህ መታጠፍ እንደምትችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከመቶ ሜትር በኋላ ትቆማለች። አዛውንቱ ይደርሳሉ። ተማሪው ይደርሳል። «ጠጋ በል።» ሁላችንም እንስቃለን። ፖሊሱን ሸወድነው። ከፊታችን የሚቀጥለው ኩርባ ይጠብቀናል፤ እሱን ደግሞ ገና ልንሸውደው ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ያልታደለ ቀን ገጠመኝ። የገባሁባት ባጃጅ ሾፌር ጎልማሳ ሰውዬ ነበሩ። ከፊት ሰው አልጫኑም። አንድ ወጣት ሊገባ ሲል «ልጄ፣ ሞልቷል» አሉት። ልጁ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ፊት አየ፣ የተሰደበ መሰለው። ተነሣን። ኩርባው ገና ሳይደርስ ፍሬን ያዙ፤ ማርሹን ቀነሱ፤ ቀስ ብለው ታጠፉ፤ ሲጨርሱ ነዳጅ ሰጡ። ማንም ማንም ላይ አልወደቀም። ዝም አልን። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስልኳን ትጎረጉራለች፤ የጣሪያውን ብረት የያዘ የለም። ዘመድ ሳንሆን ቀረን።

ሁለት ባጃጆች ጥለውን አለፉ።

«አባባ፣ ሙሽራ እያጀብን ነው እንዴ?» አለ ከጥግ ያለው።

«ትደርሳለህ ልጄ።»

«መቼ?»

ሰውዬው አልመለሱለትም። ልጁ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደና ሌላ ባጃጅ ያዘ። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ሰዓቴን ሳይ ከወትሮው ሁለት ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ሂሳቡን ስከፍል መልሱን ቆመው፣ ሞተር አጥፍተው፣ በሁለት እጃቸው ቆጥረው ሰጡኝ። በል እንግዲህ፣ ሌላ ሁለት ደቂቃ።

በማግስቱ ጠዋት ፌርማታው ላይ አየኋቸው። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። በጨርቅ የፊት መስታወቱን እየወለወሉ ነበር። ሰላም አሉኝ፣ እጅ ነስቼ አለፍኩ። ከጀርባቸው ያቺ የ«ሁሉም ያልፋል» ባጃጅ ሞተሯን እያንጫረረች ቆማለች፤ ከኋላ ሦስት፣ ከሾፌሩ ቀኝ አንድ። የግራው በኩል ክፍት ነው።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው! ጠጋ በሉለት!»

ሮጬ ገባሁ።