ግማሽ ጥቅስ

ቡና ላይ ሁለት ወዳጆቼ ተያያዙ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የአንስታይንን ፎቶ አሳየን፤ ከሥሩ «እግዚአብሔር ዳይስ አይጫወትም» ይላል። «ይኸው! ሰውየው አማኝ ነበር» አለ። ክርክሩ በዚያው ያለቀ መሰለው።

ሌላው አስተማሪ ነው። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ብሎ ጀመረ። አንስታይን ይህን በ1926 እ.ኤ.አ. ለፊዚክስ ሊቁ ለማክስ ቦርን የጻፈው የአተምንና ከአተም ያነሱ ነገሮችን ጠባይ ስለሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ፣ ስለ ኳንተም ሜካኒክስ ነው። ተፈጥሮ በዕድል ትሠራለች የሚለው ነገር አልዋጥለት ብሎ ነው እንጂ ስለ ጸሎት አላወራም።

«ታዲያ እግዚአብሔርን ለምን ጠራ?» አለ ባለስልኩ። ሌላ መልስ ስላልነበረው ይህንኑ ደጋገመው። ቀጥሎ ሁለተኛ ፎቶ መጣ፦ «ሳይንስ ያለ ሃይማኖት አንካሳ ነው፤ ሃይማኖት ያለ ሳይንስ ዕውር ነው።» በእርግጥ ብሏል። ግን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ወረድ ብሎ፣ የሁለቱ ጠብ ዋና ምንጭ እንደ ሰው የሚታሰብ አምላክ ነው ይላል። ፎቶውን የሠራው ሰው እዚያ ድረስ አልወረደም። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል!

በ1929 አንድ የኒውዮርክ ረቢ «በእግዚአብሔር ታምናለህ?» ብለው ቴሌግራም ላኩለት። በዓለም ሥርዓት በሚገለጠው በፈላስፋው በስፒኖዛ አምላክ እንጂ በሰው ዕጣና ሥራ በሚጨነቅ አምላክ አላምንም አለ። በ1954 ደግሞ ስለ እምነቴ የሚወራው ውሸት ነው፣ ያውም እየተደጋገመ የሚነዛ፣ ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ሞተ፤ ወሬው ግን አልሞተም። አምላክ የለም ባዮችም አይፈንጥዙ። አንስታይን አክራሪዎቻቸውን ሰንሰለቱ ከወለቀ በኋላም ክብደቱ ከሚሰማቸው ባሮች ጋር አመሳስሏቸዋል። የዝግመተ ለውጡን ሊቅ ዳርዊንንም ወሬኞች በሞት አልጋው ላይ ንስሐ አስገብተውታል። ልጁ ሄንሪየታ አጠገቡ ነበርኩ፣ ሐሰት ነው ብትል ማን ሰማት?

እኔ አማኝ ነኝ። እምነቴ የአንስታይን ፊርማ አያስፈልገውም። ለእግዚአብሔር ጠበቃ ልሁን ብሎ በሙት ላይ መዋሸት ነውር ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ እኛ የማን ልጆች እንደሆንን መርሳታችን ነው። የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህር አንዲት ቃል ይዞ ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ስለምን ብሎ ሳይመረምር አያልፍም። ለዚህ ዓመታት ጉባኤ ቤት ይቀመጣል። እኛ ርዕስ አይተን ሼር እናደርጋለን። ካነጋገር ይፈረዳል ያሉን አባቶች ንግግሩን እስከ መጨረሻው ይሰሙ ነበር። ዛሬ የሰው ንግግር መሐሉ ተቆርጦ ይለቀቃል፤ በዚያች ቁራጭ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል፣ ሰው ከሥራው ይባረራል። ሙሉው ቪዲዮ በሳምንቱ ሲወጣ የሚያየው የለም። ይቅርታ የሚጠይቅማ ጭራሽ!