የቀዘቀዘ አቦል

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቦል ተቀድቶልኝ ሲኒውን ወደ ከንፈሬ ባነሣሁ ቁጥር፣ ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ ስልኩን ከአፍንጫዬ ሥር እያስጠጋ «ቆይ አንተ፣ ይችን ሳታይ እንዳትጠጣ» ይለኝ ነበር። ሲኒዋ ሰባት ጊዜ ተነሥታ ሰባት ጊዜ ወደ ረከቦቱ ተመለሰች። በስምንተኛው ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።

«አንተ» ማለቱን እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ። በአምስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር በዲቪ ሄዶ ዋሽንግተን አጠገብ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛውን የለቀመው እናቱ በስልክ ስታወራ ነው፤ እናቱ ደግሞ የምታወራው ከእኩዮቿ ጋር ስለሆነ አንቱታ በዚያ ስልክ አልፋ አታውቅም። እንግሊዝኛውን ግን ያስተማሩት፣ ራሱ እንደነገረኝ፣ የቴሌቪዥን አሻንጉሊቶች ናቸው። ይህን ውለታ ሳይረሳ አድጎ፣ ጺም ካወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ ኒውዮርክ ይገባል፤ አሻንጉሊቶቹን የሚያስታውሱ ቦታዎችን ሲሳለም ይውልና ማታውኑ ይመለሳል። ሲሳለም ያልሁት አውቄ ነው። ፎቶዎቹን ያየ ሌላ ቃል አያገኝም።

የመጀመሪያው ፎቶ የአንድ ብረት ምሰሶ ነው። ምሰሶው የቆመው ብሮድዌይ ከ63ኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሲሆን፣ አናቱ ላይ «ሰሰሚ ስትሪት» የሚል ታፔላ አለ። ትርጉሙን ብጠይቀው «ሰሊጥ ጎዳና» አለኝ። ጎንደር ውስጥ ሰሊጥ ተብሎ ጆሮው የማይቆም ሰው የለም፤ የመተማን ሰሊጥ ዋጋ ሲያወሩ ሰምተን ያደግን ነንና ወዲያውኑ ኩንታሉ እዚያ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቅሁት። ልጁ በሣቅ ሞተ። ለካስ የልጆች ዝግጅት ስም ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ጀምሮ 50 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በ2019 ከተማዋ ለዚያ ማዕዘን ስሙን ሰጠችው። አሻንጉሊቶቹ ግን በዚያ ማዕዘን ኖረው አያውቁም። ሰፈራቸው በስቱዲዮ ውስጥ ከእንጨትና ከቀለም የተሠራ ነው።

እኔ ከተረትና ምሳሌ ሁሉ አብልጬ የምወደው «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ነው። ይህ ምሳሌ ባለውለታዬ ነው። ባለቤቴ የሐዋሳን ሐይቅ ማየት ባማራት ጊዜ በእርሱ መልሻታለሁ፤ የበኩር ልጄ የዱባይን ነገር ሲያነሣ በእርሱ አስቀምጨዋለሁ፤ ስንት ሺሕ ብር እንዳተረፈልኝ ፈጣሪ ይቁጠረው። ታዲያ የእህቴን ልጅ «ለዚህ ምሰሶ ነው የሌሊት እንቅልፍህን ያጣኸው?» ብለው «ናፍቆኝ ነዋ» አለኝ። «አይተኸው ታውቅ ነበር?» «አላውቅም።» ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ፤ በዚያ አስተያየቷ ውስጥ ሐዋሳን ከነሐይቁ አየሁት። የሃያ ዓመት ምሳሌዬን አንድ ልጅ በአንድ ምሰሶ ሰበረብኝ።

ቀጥሎ የመጡት አሥራ አንድ ፎቶዎች የአንድ ግድግዳ ናቸው። አስቶሪያ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው፣ ዝግጅቱ የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ግድግዳ ነው፤ ልጁ በሩ እንደማይከፈትለት እያወቀ ሄዶ፣ ከቀኝም ከግራም አንሥቶታል። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ይኸው ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ፋሲል ግንብ ወስጄው ነበር። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበውን፣ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል በካብ የታጠረውን ግቢ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ «አሪፍ ነው» ብሎኝ ወጣ። ሁለት ፎቶ አነሣ፤ አንዱ የአንበሶቹ ጎጆ ነው፣ በሌላው ላይ የራሱ ጥርስ ግንቡን ሸፍኖታል። ለፋሲል ሁለት፣ ለማይከፈት በር አሥራ አንድ!

ከስቱዲዮው ትይዩ ሙዚየም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአሻንጉሊቶቹ አባት የጂም ሄንሰን ሥራዎች ይታዩበታል። ልጁ ስለ ሰውዬው መተረክ ሲጀምር ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እሳቸው እኮ ከርሚት የሚባለውን እንቁራሪት በ1955 ሲሠሩት ከእናታቸው አሮጌ ካፖርት ቆርጠው ነው፤ ዓይኑ የፒንግ ፖንግ ኳስ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ» አለኝ። እሳቸው! አንቱታን ያውቃታል ማለት ነው! ከእናቱ ስልክ ባትሆንም ከአንድ ቦታ ለቅሟታል፤ ነገር ግን በ1990 ላረፈ አሜሪካዊ አሻንጉሊት ሠሪ ቆጥቦ፣ አጠገቡ ቡናው የቀዘቀዘበትን የእናቱን ወንድም «አንተ» ይላል። የልደቱን ዓመት ብጠይቀው 1936 ነው አለኝ፤ ጎንደር በ1636 ተቆርቁራለችና ሰውዬው የተወለደው ከተማችን 300 ዓመት በሞላት ዓመት መሆኑን አስልቼ ነገርኩት። ነገሩ አልደነቀውም። ደግሞ ያቺ ከካፖርት የተሠራች የመጀመሪያዋ እንቁራሪት በ2010 የተሰጠችው እዚያው ዋሽንግተን ላለው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ነው፤ ማለትም ከሰፈሩ አጠገብ ትቷት ሄዶ ኒውዮርክ ፈለጋት።

ከነገረኝ ሁሉ ያዝ ያደረገኝ የትልቁ ቢጫ ወፍ ነገር ነው። ወፉ ቁመቱ 2 ሜትር ከ49 ነው። በውስጡ ለአሥርት ዓመታት የኖረው ካሮል ስፒኒ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ የወፉን ጭንቅላት ያንቀሳቅስ ነበር፤ ውጭውን ስለማያይ ደረቱ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ታስራለት፣ የራሱን እንቅስቃሴ የሚከታተለው በእርሷ ነበር። ይህን ስሰማ የጎረቤታችን መጋረጃ ትዝ አለችኝ። በልጅነታችን በሰፈራችን አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ እግራችንን አስታጥቦ ወለል ላይ ያስቀምጠናል፤ አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ብለው እኛም አፋችንን ከፍተን ልንመልስ ስንል እንግዳ መጣ ብሎ ያስወጣናል። ከዚያ በኋላ በመስኮት ነበር፤ እርሱም መጋረጃውን ይስባል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ እኔ ከአጋማሹ ጀምሮ የሰማሁት ያለ መልክ፣ በመስኮት ስንጥቅ ነው፤ የብዙዎቹን ተረቶች መጨረሻ ዛሬም አላውቃቸውም። ያ ጎረቤታችን ያረፈ ዕለት ዕድርተኛ ነኝና ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ፤ «ነፍስ ይማር» እያልሁ በልቤ ያለችው ያቺ አበባማ መጋረጃ ነበረች። ይቅር አላልሁትም። አፈር የማያለብሰው ነገር አለ።

በዚህ መካከል የመጨረሻዋ ልጄ ከትከሻዬ በላይ ተንጠራርታ ስልኩን ስትመረምር ቆየችና «ፀሐይስ የታለች?» አለች። ቀጭኔዋን ፀሐይን ማለቷ ነው፤ በአማርኛ ፊደልና እጅ መታጠብ ያስተማረችውን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ሽልማት ያመጣችውን። የእህቴ ልጅ «ማናት?» አለ። ልጄ በሐዘኔታ ተመለከተችው፤ እኔም በዚያች ቅጽበት ትንሽ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ልጁ አንድ ፎቶ ላይ ሲደርስ ቆም አለና እኔን እና ስልኩን እያፈራረቀ ማየት ጀመረ። ፎቶው ላይ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ፣ ቅንድቡ የተገጣጠመ፣ አረንጓዴ ጸጉራም ፍጥረት አለ። ኦስካር ይባላል፤ ሥራው ከገንዳው ብቅ እያለ በሁሉም ነገር ማማረር ነው። «አንተን ቁርጥ!» አለኝ። ባለቤቴ ጀበናውን አስቀምጣ ሣቀች፤ ልጄም ሣቀች። ኦስካር በመጀመሪያው ዓመት ብርቱካናማ እንደነበር፣ አረንጓዴ የሆነው ኋላ እንደሆነ ሊያስረዳኝ ቢጀምርም አላዳመጥኩትም። ጥምቀትን ሊያከብር ጎንደር የመጣ ሰው የእናቱን ወንድም በገዛ ቤቱ ከቆሻሻ ገንዳ ጋር ያመሳስላል!

መብራት ጠፋ። ልጁ ስልኩን እጄ ላይ ትቶ ሻማ ፍለጋ ከባለቤቴ ጋር ወደ ጓዳ ገባ። በጨለማው ውስጥ በረካው ቀርቦልኝ ነበር፤ ሽታው ይሰማኛል፤ እኔ ግን ፎቶዎቹን በጣቴ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየገፋሁ ያንን ገንዳ እየፈለግሁ ነበር፤ ቅንድቡን እንደገና ለማየት ያህል ብቻ። ሻማው ሲመጣ በረካውም ቀዝቅዟል።